ስለ አሮጌ ኦቶሞቢል የኋላ አክስል መለወጥ

በአሜሪካ አገር ከአባት ለልጅ ከሚተላለፈው ንብረት አንዱ አሮጌ ኦቶሞቢል ነው። በእኛ አገር ልጅ ከአባቱ ጋሻና ጠበንጃ፥ ኮርቻና የተሸለመ ልጓም ተቀብሎ አቧራውን እየጠረገ እንደሚያኖር፥ የዚያም አገር ሰው አባቱ በጎልማሳነቱ የነዳውን ኦቶሞቢል በቤቱ አጠገብ በሠራው ጋራዥ አስገብቶ፥ በእሑድና በበዓል ቀን እያወጣ ቤተ ሰቡን ያሳፍርበታል። ይህ ፍቅር የሚያስነቅፍ አይደለም። ዳሩ ግን ልጁ ያባቱን ኦቶሞቢል በተረከበ ጊዜ አብዛኛውን የሚያስበው ስለ ሞተሩ ብቻ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ይጨምራል፤ ያ የተጨመረው ጉልበት የሚያርፍበትን የኋላ አክስል የሚያስታውሰው ግን፥ አንድ ቀን በመንገድ መካከል ተሰብሮ ሲያቆመው ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ የምንነጋገረው የአሮጌ ኦቶሞቢል የኋላ አክስል ከእርሱ በሚጠነክር በሌላ አክስል ስለሚለወጥበት አኳኋን ይሆናል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ኦቶሞቢሎቹ ጥቂት መናገር ይገባል። ፖንቲያክ የተባለው የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ለ1964 ዓ.ም. ባወጣው ሥራ፥ ለትልቅ ኦቶሞቢል የታሰበውን 389 ኩቢክ ኢንች ሞተር በመካከለኛ ኦቶሞቢል ላይ አግብቶ ጂ.ቲ.ኦ. ብሎ ሰየመው። ከዚያም በኋላ የክራይስለርና የፎርድ ፋብሪካዎች በዚሁ መንገድ ተፎካከሩ፤ አሜሪካውያንም እንዲህ ያሉትን ኦቶሞቢሎች «ጡንቸኞች» ብለው ጠሩአቸው። ክራይስለር በ1966 ዓ.ም. በተራ መንገድ ለሚሄድ ኦቶሞቢል ያወጣው ሄሚ የሚባለው ሞተር 426 ኩቢክ ኢንች ሲሆን፥ 425 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ተነገረለት። ልብ አድርጉ፤ ይህ ሞተር ባለ አራት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ ሲገጠምለት፥ ፋብሪካው ከኋላ የሰጠው ዴና 60 የተባለውን፥ ለጭነት መኪና የሚበቃውን ከባድ አክስል ነበር። እንግዲህ ሞተሩን ያበረቱት መሐንዲሶች ራሳቸው የኋላውን ሳያበረቱ አልተዉትም፤ ዛሬ በየጋራዡ ሞተር የሚለውጠው ሰው ግን ይህን ግማሽ ሥራ ይዘለዋል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ፎርድ የሠራውን ሙስታንግ የሚባለውን ኦቶሞቢል እንይዛለን። ሙስታንግ በአሜሪካ ሜዳ የሚኖር የዱር ፈረስ ስም ነው። ኦቶሞቢሉ በ1964 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በኒውዮርክ ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላውም አንድ ሚሊዮን ተሠራ። ነገርን በጥብቅ የሚለዩ ሰዎች ሙስታንግን ከጡንቸኞቹ ለይተው በሌላ ወገን ይቈጥሩታል፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ልዩነቱ ብዙም አያስፈልገንም። የምንመርጠው ስለ ሦስት ምክንያት ነው፤ ብዙ ስለ ተሠራ ዛሬም በየቤቱ ይገኛል፤ ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የ1965ና የ1966 ዓ.ም. ሙስታንግ እንደ ሞተሩ መጠን ሦስት ዓይነት የኋላ አክስል ስለ ነበረው ነገሩን በግልጥ ያሳያል። ስድስት ሲሊንደር ላለው፥ የጥርስ ቀለበቱ ስፋት 7 ከሩብ ኢንች የሆነ ቀጭን አክስልና በአራት ብሎን የሚታሰር ጎማ ተሰጠው። ስምንት ሲሊንደር ላለው የ8 ኢንች አክስልና ባለ አምስት ብሎን ጎማ ተደረገለት። 271 የፈረስ ጉልበት ላለው ለብርቱው 289 ሞተር ደግሞ የ9 ኢንች አክስል ተሰጠው።

የኋላ አክስል ምን እንደሚሠራ ሳያውቁ ሊለውጡት መነሣት አይገባምና፥ በአጭሩ እንግለጸው። ሞተሩ የሚሰጠው ኃይል በካምቢዮ አልፎ፥ በኦቶሞቢሉ ሆድ ሥር በሚዞረው ረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ይሄዳል። የዘንጉ ጫፍ ክሮቼራ በሚባለው መጋጠሚያ ከአክስሉ ጋር ይያያዛል። በአክስሉ ቤት ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥርሰኛ ብረት አለች፤ መካኒኮቻችን ከጣልያን ቋንቋ ወስደው ፒኞን የሚሉአት ናት። እርስዋም ኮሮና የተባለውን ትልቁን የጥርስ ቀለበት ታዞራለች። ኮሮናው ኃይሉን ከመካከል ላለው ለዲፈረንሲያል ይሰጣል፤ ዲፈረንሲያሉም በግራና በቀኝ ሴሚያስ ለሚባሉት ሁለት ዘንጎች፥ ሴሚያሶቹም ለጎማዎቹ ያካፍላሉ። ዲፈረንሲያል የሚያስፈልገው ኦቶሞቢሉ ሲጠመዘዝ የውጭው ጎማ ከውስጡ ይልቅ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ነው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። በዚያ ዘመን ፎርድ በሠራው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ፥ አንደኛው ማርሽ የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል 2.78 ጊዜ ያባዛል። አክስሉ ደግሞ ፒኞን ሦስት ጊዜ ስትዞር ኮሮና አንድ ጊዜ የሚዞርበት ቢሆን፥ ኃይሉን እንደ ገና ሦስት ጊዜ ያባዛዋል። እንግዲህ ሞተሩ 100 እጅ ቢሰጥ ለሴሚያሶቹ የሚደርሰው 834 እጅ ነው። ስለዚህ በሞተሩ ላይ ጥቂት ጨመርሁ የሚል ሰው በአክስሉ ላይ የጨመረው ከስምንት እጥፍ በላይ መሆኑን ይወቅ። በበቅሎ ላይ አንድ ቁና የሚጨምር ጫኝ ቁናውን ያያል፤ በአክስሉ ላይ ግን አንድ ቁና ሲጨመር ስምንት ቁና ሆኖ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን፥ አክስል መለወጥ ለሁሉ ሰው አያስፈልግም። ኦቶሞቢሉ እንደ ተሠራ የሚኖር፥ ሞተሩም ያልተነካ፥ ባለቤቱም ቤተ ሰቡን ይዞ በቀስታ የሚሄድ ከሆነ፥ የ8 ኢንቹ አክስል ኩሽኔታውና ዘይቱ ቢታደስለት ብዙ ዘመን ያገለግላል። ያለዚያ ሥራው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። ደግሞም ከኋላ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አክስሉ ሞተ ብሎ መፍረድ አይገባም። ኦቶሞቢሉ ሲነሣ አንድ ጊዜ «ቋ» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የክሮቼራ ማለቅ ነው፤ ይህም በጥቂት ገንዘብ ይለወጣል። ሲጠመዘዙ የሚለዋወጥ የጕርምርምታ ድምፅ የጎማ ኩሽኔታ ይሆናል፤ ጎማው ራሱ እኩል ባለመበላቱም እንዲህ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ቤንዚን ሲሰጡት የሚያፏጭ፥ ሲለቁት ድምፁ የሚለወጥ ግን ከኮሮናና ከፒኞን መበላት የመጣ ለመሆኑ ምልክት ነው። ምስክር ሳይሰሙ ፍርድ እንደማይሰጥ ሁሉ፥ ይህን ሁሉ ሳይመረምሩ ብረት መግዛት አይገባም።

መለወጡ የግድ የሆነበት ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የፎርድ የ9 ኢንች አክስል ነው። ይህ አክስል በ1957 ዓ.ም. ወጥቶ በፎርድ ኦቶሞቢሎችና የጭነት መኪናዎች ላይ እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራበት ኖረ። ፒኞኑ በሦስት ኩሽኔታ ተደግፎ ስለሚዞር ከባድ ኃይል ይችላል፤ መካከለኛው ክፍል ከነጥርሱ ከፊት በኩል ተፈትቶ ስለሚወጣ፥ ጥርሱን በጠረጴዛ ላይ ማስተካከል ይቻላል። ነገር ግን ፒኞኑ ከኮሮናው መካከል በጣም ዝቅ ብሎ ስለ ተቀመጠ ጥርሱ ሲሽከረከር ይፋተጋል፤ በዚህም ከሌሎቹ ይልቅ ጥቂት ኃይል ይባክንበታል። ዛሬ ልዩ ልዩ ሠሪዎች አዲስ አድርገው በታዘዘው ልክ ይሠሩታል፤ ዋጋው ግን የቤቱን እመቤት የሚያስደነግጥ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የ8.8 ኢንች አክስል ነው፤ በተለይም ፎርድ ኤክስፕሎረር ከተባለው የቤተ ሰብ መኪና የሚወጣው። ከ1995 እስከ 2001 ዓ.ም. የተሠራው ኤክስፕሎረር የኋላ ፍሬኑ ዲስክ ነው፤ ሴሚያሶቹ 31 ጥርስ አላቸው፤ የሙስታንጉ የ8 ኢንች አክስል ሴሚያስ ግን 28 ጥርስ ብቻ ነው። አምስቱ የጎማ ብሎኖች የተቀመጡበት ክብ በሁለቱም ላይ 4 ከግማሽ ኢንች ስለ ሆነ፥ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ የሙስታንግ ጎማ በብሎን በኩል ይገጥማል። ብዙ ኤክስፕሎረሮች በአሮጌ መኪና መፍቻ ሥፍራ ተጥለው ይገኛሉና ዋጋውም ልከኛ ነው። የእኔ አስተያየት፥ ኦቶሞቢሉን ለውድድር ሳይሆን ለመንገድ ለሚይዝ ሰው ይህ ሁለተኛው ይሻላል የሚል ነው። ዳሩ ግን ርካሽ የሆነው ብረቱ እንጂ ሥራው አለመሆኑን ከዚህ በታች እናያለን።

በመፍቻው ሥፍራ አክስሉን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ከኋላ ክዳኑ ብሎን ላይ የታሰረችውን ትንሽ የቆርቆሮ ሰሌዳ ይፈልግ። በላይዋ 3.73 ተብሎ በነጥብ ፈንታ ኤል የሚባለው የላቲን ፊደል ገብቶ፥ «3ኤል73» ተብሎ ቢገኝ፥ ፒኞኑ 3.73 ጊዜ ሲዞር ኮሮናው አንድ ጊዜ እንደሚዞር፥ ዲፈረንሲያሉም አንዱ ጎማ በጭቃ ሲንሸራተት ኃይሉን ለሌላው የሚያካፍል ዓይነት መሆኑን ያስረዳል። ሰሌዳዋ ከጠፋች፥ ዲፈረንሲያሉም ተራ ዓይነት ከሆነ፥ አንዱን ወገን አጥብቆ ይዞ ሌላውን ሁለት ጊዜ ሙሉ በማዞር ፒኞኑ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ መቍጠር ነው። አክስሉ በመሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ ይህን መቍጠር ትምህርት ቤት ለገባ ልጅ መልካም የሒሳብ ትምህርት ይሆነዋልና አባት ልጁን ያሳትፈው። ከተሰቀለ ኦቶሞቢል ሥር ግን ልጅ ፈጽሞ አይግባ፤ አባትም ቢሆን በክሪክ ብቻ በተነሣ ኦቶሞቢል ሥር አይግባ። ክሪክ ለማንሣት ነው፤ ለመሸከም ጠንካራ የብረት መቆሚያ ያስፈልጋል፤ የፊት ጎማዎችም ከፊትና ከኋላ ይታገዱ።

ቀጥሎ መለካት ነው። የ1965ና የ1966 ዓ.ም. ሙስታንግ አክስል ከጎማ መቀመጫ እስከ ጎማ መቀመጫ ወርዱ 57 ከሩብ ኢንች ያህል ነው። የኤክስፕሎረሩ ግን 59 ከግማሽ ያህል ይሆናል። እንደ ወረደ ቢገጠም ጎማው በያንዳንዱ ወገን ከአንድ ኢንች በላይ ወደ ውጭ ይወጣና፥ ኦቶሞቢሉ ሲጫን የጭቃ መከላከያውን ጠርዝ ይፍቃል። በተጨማሪም የኤክስፕሎረሩ ፒኞን በመካከል ሳይሆን ወደ ቀኝ ያደላ ነው፤ ስለዚህ የግራው ቱቦና የግራው ሴሚያስ ከቀኞቹ ይረዝማሉ። ባለሞያዎች ከዚህ ችግር አንድ ጥበብ አውጥተዋል። ረጅሙን የግራውን ቱቦ ሦስት ኢንች ያህል ቈርጠው ያሳጥሩና፥ ከሌላ ኤክስፕሎረር ሁለተኛ የቀኝ ሴሚያስ ገዝተው በግራው ያገቡታል። በዚህም ወርዱ 56 ከግማሽ ያህል ይሆናል፤ ፒኞኑም ወደ መካከል ይመለሳል፤ ልዩ ሴሚያስ ማሠራትም ይቀራል። እንዲህ ያለውን ብልሃት ማን እንደ ጀመረው አልተጻፈም እንጂ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ቱቦውን ማሳጠር ግን የጋራዥ ጨዋታ አይደለም። የተቈረጠው ቱቦ ከፊተኛው ጋር በአንድ መስመር ቀጥ ብሎ ካልተበየደ፥ ሴሚያሱ ሲዞር ይጣመማል፤ ኩሽኔታውና ዘይት ከልካዩ ጎማ ቶሎ ያልቃሉ። ስለዚህ ረጅምና ቀጥተኛ የብረት መለኪያ ዘንግ በቱቦው ውስጥ አስገብቶ አስተካክሎ የሚበይድ ባለሞያ መፈለግ ያስፈልጋል። በዚያው ጊዜ ሌላም የሚሠራ ነገር አለ። በ8.8 አክስል ላይ ሁለቱ ቱቦዎች ከመካከለኛው የፈሰስ ብረት ቤት ውስጥ በኃይል ተገፍተው ገብተው በጥቂት ቦታ ብቻ ተበይደዋል፤ ብርቱ ሞተር ሲጠመዝዛቸው በቤታቸው ውስጥ ሊዞሩ ይችላሉ። ዙሪያቸውን መበየድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፈሰስ ብረት ሳይሞቅ ቢበየድ ወይም በድንገት ቢቀዘቅዝ ይሰነጠቃልና፥ አስቀድሞ ማሞቅና በቀስታ ማቀዝቀዝ የግድ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በዚህ ሥራ ላይ ፈጽሞ ይደርሳል፤ የተሰነጠቀ የአክስል ቤት ግን ለመልቀምም አይመች።

አሮጌዎቹ የባሌስትራ መቀመጫዎች ተቈርጠው ይጣሉና፥ በሙስታንጉ ባሌስትራዎች ርቀት ልክ አዲሶች ይበየዳሉ። መቀመጫዎቹን ወዲያው አጥብቆ መበየድ አይገባም። በመጀመሪያ አክስሉ በባሌስትራው ላይ ይቀመጣል፤ የኦቶሞቢሉ ክብደት በሙሉ ያርፍበታል፤ ከዚያ የፒኞኑ አፍንጫ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያለው አዝማሚያ ይለካል። በባሌስትራ በሚቆም ኦቶሞቢል ላይ ሞተሩ ሲገፋ የፒኞኑ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ ስለዚህ ቆሞ ሳለ ከካምቢዮው መስመር ሁለት ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ቢጀምር፥ በሩጫ ጊዜ ከመስመሩ ጋር ይስማማል። ይህ ካልተጠበቀ ክሮቼራው ያልቃል፤ ኦቶሞቢሉም በፍጥነት ሲሄድ ይንቀጠቀጣል። ልኩ ሲገኝ መቀመጫዎቹ በነጥብ ብቻ ይያያዛሉ፤ ከዚያም አክስሉ ወርዶ ከኦቶሞቢሉ ርቆ ሙሉው ብየዳ ይደረጋል። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ሙስታንግ ላይ የቤንዚኑ ታንክ ከኋላ፥ ከአክስሉ አጠገብ ነው፤ የታንኩ ላይኛ ወገን የዕቃ ማስቀመጫው ወለል ሆኖ ያገለግላል። ነጥቡንም ለማያያዝ እንኳ ቢሆን ታንኩ አስቀድሞ ይውጣ፤ የባትሪውም ሽቦ ይፈታ።

የረጅሙ ዘንግ ልክም እንደ ገና ይለካል፤ የአዲሱ ፒኞን ጫፍ ባሮጌው ቦታ አይውልምና። የኤክስፕሎረሩ ማያያዣ ክብ ሳህን ሲሆን የሙስታንጉ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ክሮቼራ ወይም ማያያዣ መግዛት ያስፈልጋል። ዘንጉን የሚያሳጥረው ሰው ሚዛኑንም እንዲያስተካክል ይታዘዝ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ላይ ደርሰናል፤ እርሱም ፍሬን ነው። ብዙ ሰዎች ስለ ጉልበት ሲሉ አክስል ይለውጣሉ፤ ከአክስሉ ጋር የኋላው ፍሬን አብሮ መለወጡን ግን እንደ ትርፍ ነገር ይመለከቱታል። ነገሩ እንደዚህ አይደለም። የ1965ና የ1966 ዓ.ም. ሙስታንግ በፔዳሉ በኩል ያለው ዋናው የፍሬን ፓምፕ አንድ ክፍል ብቻ ነበረው። ይህ ማለት ከአራቱ ጎማ ያንዱ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ፍሬን አብሮ ይጠፋል ማለት ነው። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ፎርድ ባለ ሁለት ክፍል ፓምፕ አደረገ፤ አንዱ ክፍል ቢጠፋ ሌላው ያቆማል። እንግዲህ የፍሬኑን ቱቦ ከፍቶ የሚሠራ ሰው በዚያው ጊዜ ባለ ሁለት ክፍሉን ፓምፕ ካላገባ፥ ሚስቱንና ልጆቹን በአንድ ክር ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል።

ሁለተኛም፥ በታምቡር ለሚሠራ ፍሬን በቱቦው ውስጥ ጥቂት ግፊት ሁልጊዜ እንዲቀር የሚያደርግ ትንሽ ቫልቭ በፓምፑ አፍ ላይ ይገኛል። ይኸው ቫልቭ ወደ ዲስክ በሚሄደው ቱቦ ላይ ቢቀር፥ ዲስኩ እግር ከፔዳል ከተነሣም በኋላ ተይዞ ይሄዳል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ሦስተኛ፥ ኦቶሞቢል ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይጋደላል፤ የኋላ ጎማዎቹም ይቀልላሉ። የኋላው ፍሬን ከፊተኛው ይልቅ ቢበረታ፥ የኋላ ጎማዎች አስቀድመው ይቆልፋሉ፤ ኦቶሞቢሉም እንደ ደነገጠ ፈረስ ኋላውን ወደ ፊት ያዞራል። ይልቁንም ፊቱ አሮጌ ታምቡር ሆኖ ኋላው ዲስክ ሲሆን ይህ አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ የሚቻለው ሰው የፊቱንም በዲስክ ይለውጥ፤ ያም ሆነ ይህ ለኋላው የሚሄደውን ግፊት የሚቀንስ፥ በእጅ የሚስተካከል ቫልቭ መግጠም አለበት። ማስተካከሉም ሰውና ከብት በሌለበት፥ ደረቅና ሰፊ በሆነ ቦታ፥ በዝቅተኛ ፍጥነት እየተፈተነ ይደረጋል። የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ አስቀድመው መያዝ አለባቸው፤ ይህ እስኪሆን ድረስ ቤተ ሰብ በዚያ ኦቶሞቢል አይሳፈር። የእጅ ፍሬኑም አይረሳ፤ በኤክስፕሎረሩ ዲስክ ውስጥ ለእጅ ፍሬን የተሠራ ትንሽ ታምቡር አለ፤ የሙስታንጉን ሽቦ ከእርሱ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል፤ በዳገትም ላይ መፈተን ይገባል።

ስለ ደኅንነት ከተናገርን፥ የ8.8 አክስልን አንድ ጉድለት መሸሸግ አይገባንም። በሙስታንጉ የ8 ኢንች አክስል ላይ ሴሚያሱ እንዳይወጣ የሚይዘው በውጭ ጫፉ፥ በኩሽኔታውና በብሎን በታሰረ ሳህን ነው። በኤክስፕሎረሩ ግን የሚይዘው በውስጠኛው ጫፉ ላይ በተሰካች፥ እንደ ሙሉ ያልሆነች ጨረቃ ቅርጽ ባላት ትንሽ ብረት ነው። እንግዲህ ሴሚያሱ ቢሰበር ውጭ የቀረው ክፍል ከነጎማው ሊወጣ ይችላል። የዲስኩ መያዣ በጥቂቱ ይከለክለዋል፤ በዚያ ብቻ መተማመን ግን ልክ አይደለም። በመንገድ ላይ በልክ ለሚነዳ ሰው ሴሚያሱ ወፍራም ስለ ሆነ የመስበሩ ነገር አያሠጋም፤ ኦቶሞቢሉን ለእሽቅድምድም የሚያወጣ ግን የቱቦዎቹን ጫፍ አስቈርጦ በ9 ኢንቹ ዓይነት ጫፍ ያስለውጥ። የዚያ ወጪ ሲደመርበት ከ9 ኢንቹ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት እየጠበበ ይሄዳልና፥ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማስላት ይሻላል።

ስለ ወጪ ካነሣን፥ ባልና ሚስት ተቀምጠው ሊጽፉት የሚገባው ዝርዝር አለ፤ አክስሉ ራሱ፥ ሁለተኛው አጭር ሴሚያስ፥ የቈረጣውና የብየዳው ዋጋ፥ አዲስ የባሌስትራ መቀመጫ፥ የኩሽኔታና የዘይት ከልካይ ጎማ፥ የረጅሙ ዘንግ ማሳጠር፥ ክሮቼራ፥ የፍሬን ፓምፕ፥ ቫልቭ፥ ቱቦና ሽቦ፥ ዘይት። አክስሉን ርካሽ ነው ብሎ ገዝቶ በግማሽ መንገድ ገንዘብ ያለቀበት ሰው፥ ኦቶሞቢሉን በመቆሚያ ላይ እንደ ተሰቀለ ለዓመት ይተወዋል። በአሜሪካ ጋራዦች እንዲህ የሆነ ብዙ ነው፤ የቤቱም ሰላም የሚደፈርሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ስለ ጥርሱ ብዛትም አንድ ቃል እንጨምር። 3.00 የነበረው አክስል በ3.55 ቢለወጥ ኦቶሞቢሉ ፈጥኖ ይነሣል፤ ነገር ግን ሞተሩ ሁልጊዜ በብዙ ይዞራል። ቁመቱ 26 ኢንች በሆነ ጎማ፥ በሰዓት 97 ኪሎሜትር ሲሄዱ፥ ቀጥታ በሆነው በመጨረሻው ማርሽ፥ በ3.00 ሞተሩ በደቂቃ 2,330 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በ3.55 ግን 2,750 ያህል፥ በ4.11 ደግሞ 3,190 ያህል ይዞራል። ወጣቶች 4.11 ይወዳሉ፤ ከከተማ ወደ ከተማ ረጅም መንገድ ከሄዱበት በኋላ ግን ጆሯቸውም የቤንዚን ገንዘባቸውም ይማረራል። ለቤተ ሰብ 3.55 ይበቃል። የፍጥነት መቍጠሪያው ደግሞ ከካምቢዮ ስለሚነዳ፥ የአክስሉን መለወጥ አያውቅም፤ ከ3.00 ወደ 3.55 ሲለወጥ በመቶ 18 ያህል አብዝቶ ያሳያል፤ በካምቢዮው ጎን ያለችው ትንሽዋ የመቍጠሪያ ጥርስ ካልተለወጠች በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲሄዱ 118 ይላል።

የኮሮናና የፒኞን ጥርስ እንደ ገና ከተስተካከለ፥ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በ8.8 አክስል ላይ ከ8 እስከ 15 ሺህኛ ኢንች ይሆናል፤ ጥርሶቹም ቀለም ተቀብተው የሚነካኩበት ቦታ ይታያል። አዲስ ጥርስ የገባበት አክስል በመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ያህል በቀስታ ተነድቶ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይቆማል፤ ይህም ጥቂት ጊዜ ይደገማል። 500 ማይል ያህል ከሄደ በኋላ ዘይቱ ይለወጣል፤ ሸክሙን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለው ዓይነት ዲፈረንሲያል ከሆነም ለእርሱ የተሠራው ልዩ ዘይት ይጨመርለታል። የአክስሉ መተንፈሻ ቀዳዳ ክፍት መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ከተደፈነ በሙቀት የተነፋው አየር ዘይቱን በጎማው በኩል ገፍቶ ወደ ፍሬኑ ያፈስሰዋል። ባሌስትራውን የሚያስሩት ብሎኖችም ከመጀመሪያዎቹ ቀኖች በኋላ እንደ ገና ይጥበቁ።

የቀረው አሮጌው አክስል ነው። እርሱን ለብረት ገዢ መስጠት አይገባም። በሙስታንጉ የነጂ በር ላይ ባለው ሰሌዳ፥ ፋብሪካው የሰጠው አክስል ምን ዓይነት እንደ ሆነ በምልክት ተጽፎአል፤ ኦቶሞቢሉ አንድ ቀን ለወራሽ ሲተላለፍ ወይም ሲሸጥ፥ ሰሌዳው የሚለውና ከሥር ያለው ብረት ባይስማሙ የዋጋው ነገር ያከራክራል። አሮጌው አክስል ከነረጅሙ ዘንግ፥ ከነፍሬኑና ከነብሎኖቹ ዘይቱ ተቀድቶ፥ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፥ የተራቈተው ብረት ቅባት ተቀብቶ፥ በደረቅ ቦታ ከእንጨት በላይ ይቀመጥ። በላዩም የወጣበት ቀንና ኦቶሞቢሉ የተጓዘው ርቀት የተጻፈበት ሰሌዳ ይታሰርበት። በኦቶሞቢሉ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ወረቀት ይቀመጥ፤ በውስጡም አዲሱ አክስል ከየትኛው ዓመት ኤክስፕሎረር እንደ ወጣ፥ ስንት ኢንች እንዳጠረ፥ የጥርሱ ብዛት፥ የዘይቱ ዓይነት፥ የገባው የፍሬን ፓምፕና የዲስኩ መለወጫ የሚታዘዝበት ቍጥር ይጻፍ። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚከፍተው መካኒክ የሙስታንግ ዕቃ ይዞ መጥቶ አልገጥም ሲለው የሚፈልገው ያን ወረቀት ነው።